ያለ ስንዴ፣ ያለ ስኳር፦ ከሱፍ፣ ከቡላና ከተምር የሚጋገር የፓሊዮ ኩኪስ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስትሄዱ የተቆላ ለውዝ የሚሸጥ ልጅ አታጡም። እኔም ከሥራ ስወጣ ብዙ ጊዜ እገዛለሁ። ጥሩ መክሰስ ነው። ዛሬ ለምንጋግረው ኩኪስ ግን አይሆንም። ከዚህ የጀመርኩት የፓሊዮ ኩኪስ ልጋግር ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ለውዝ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ጥራጥሬ ነው። ፓሊዮ የሚባለው አመጋገብ ጥራጥሬ አይቀበልም። ስለዚህ በፓሊዮ አሠራር ላይ «ለውዝ» የሚል ካያችሁ፣ የተፈለገው አልመንድ፣ ካሹ ወይም ዋልነት ነው።

ሕጉ ባጭሩ ይኼ ነው። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ አጃ፣ ሩዝ የለም። ጥራጥሬ የለም። ወተትና ከወተት የሚሠራ ነገር የለም። የተጣራ ስኳር የለም። የሚቀረው የቅባት ፍሬ፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ሥራሥርና ቅመም ነው፤ ሥጋና አትክልት ለኩኪስ ስለማይሆኑን ትቻቸዋለሁ። ሐሳቡ ሰው ማረስ ከመጀመሩ በፊት ይበላው የነበረውን እንብላ የሚል ነው። በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ከጻፉበት በኋላ ነው።

በእውነቱ የጥንቱ ሰው እህል አይቀምስም ነበር የሚለውን አልቀበለውም። በገሊላ ባሕር ዳርቻ ከ23,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች የዱር ገብስና ስንዴ ይለቅሙ እንደነበር በቁፋሮ ተገኝቷል። እኔም እንጀራዬን አልተውኩም። ይህን ኩኪስ የምጋግረው በሌላ ምክንያት ነው። እህቴን ስንዴ አይስማማትም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ሁላችንም የቡና ቁርስ ስናነሳ እሷ ስኒዋን ብቻ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ያ አይቼ የማልፈው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ አካባቢ የውጭ አሠራር እያየሁ የአልመንድ ዱቄትና ታፒዮካ (ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች) ፍለጋ ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት ዞርኩ። አልመንዱ ውድ ነው፤ ታፒዮካው አንዱ ጋ ቢገኝ ሌላው ጋ የለም። ኋላ ላይ የገባኝ ግን አብዛኛው የሚያስፈልገኝ ነገር እናቴ ጓዳ ውስጥ እንደነበር ነው። ሱፍ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ የዱባ ፍሬ፣ ቡላ፣ ማር። ይህን አገር የቅባት እህል ሞልቶታል፤ የጾም ምግባችን ራሱ ግማሹ በእነዚህ ነው የሚሠራው።

ግዢው

በአንድ ጉዞ መጨረስ ከፈለጋችሁ መርካቶ ሂዱ። እህል በረንዳ አካባቢ የቅባት እህሎቹን ታገኛላችሁ። ተምር በአንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ በተለይ በረመዳን ሰሞን፣ እንደ ልብ ነው። መሀል ከተማ ያለ ሰው ግን ያን ያህል መድከም የለበትም። በየሰፈሩ ያለው የባልትና ሱቅና አንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት ይበቃል።

ሱፍ ስትገዙ ጠንቀቅ በሉ። «ሱፍ» ብላችሁ ስትጠይቁ ሁለት የተለያየ ነገር ሊመጣላችሁ ይችላል። አንዱ ለሱፍ ፍትፍት የምንጠቀምበት፣ ነጭና ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነው ነው። ሌላው የሱፍ አበባ ፍሬ ነው። ለኛ የሚሆነን ሁለተኛው፣ ያውም የተፈለፈለው ነው። ሳትገዙ አንድ ፍሬ ቅመሱ። የቆየ ዘይት የሚሸት ወይም ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ተዉት። ዘይቱ የተበላሸ የቅባት እህል በቅመም አይሸፈንም።

ቡላን በተመለከተ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም የዚህ አሠራር ምስጢር እሱ ነው። ቡላ እንሰት ሲፋቅና ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ነው። እንሰት እህልም ጥራጥሬም አይደለም። የውጭ አሠራሮች ታፒዮካ የሚጨምሩት ዱቄቱ እንዳይፈራርስ እንዲያያዝላቸው ነው፤ ቡላ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለገንፎ የሚሸጠውን ደረቅ ዱቄት ግዙና በወንፊት ንፉት። እርጥቡ ቡላ የመብላላት ሽታ ስላለው ለጣፋጭ ነገር አይመችም።

የኮኮናት ዘይት ስትገዙ ለምግብ የሚሆነው መሆኑን አረጋግጡ፤ ለፀጉር ተብሎ የሚሸጥም አለ። ማሩ ሰም የሌለበት ይሁን። ቢረጋ አትደንግጡ፣ ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስታቆሙት ይለሰልሳል።

ለ24 ትንንሽ ኩኪስ የሚያስፈልገው

የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ 150 ግራም
አልመንድ 100 ግራም (ከሌለ ሱፉን 250 ግራም አድርጉት)
ሰሊጥ 50 ግራም
የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 50 ግራም
የቡላ ዱቄት 30 ግራም
የተፈጨ ተልባ 2 የሾርባ ማንኪያ
በደንብ የበሰለ መካከለኛ ሙዝ 1
ፍሬው የወጣ ተምር 80 ግራም
ዘቢብ 40 ግራም
ማር 2 የሾርባ ማንኪያ
እንቁላል 1
የኮኮናት ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ
ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ
የሎሚ ጭማቂ 1 የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ኮረሪማ ሩብ የሻይ ማንኪያ
ጨው ቆንጠር

ሚዛን ከሌላችሁ አትጨነቁ። ሊጡ ይቅር ባይ ነው። ትክክል መሆን ያለበት ሶዳው ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ማጠብና ማመስ

ሰሊጥ ላይ አትቸኩሉ። ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ይኖራል፤ በጥርስ የተነከሰ አንድ ጠጠር የቀኑን ድካም ያበላሻል። ሰሊጡን ጎድጎድ ባለ ሳህን አድርጋችሁ ውሃ ሙሉበት። በእጃችሁ አማስሉትና ቶሎ የተንሳፈፈውን ከነውሃው ወደ ወንፊት ገልብጡ። አሸዋው ሳህኑ ሥር ይቀራል። ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። በሦስተኛው ላይ የሳህኑን ሥር በጣታችሁ ዳብሱ፤ ምንም ካልከረከራችሁ ጨርሳችኋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት።

በደረቅ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ለየብቻ አምሱ። የሱፉ፣ የሰሊጡና የዱባ ፍሬው መጠን ስለሚለያይ አንድ ላይ ከገቡ ሰሊጡ ሲያር የዱባ ፍሬው ገና ይሆናል። ሰሊጥ ጠስ ጠስ ማለት ሲጀምርና ጥቂቱ ሲዘል ወዲያው አውጡት። የዱባ ፍሬ ያብጥና ይፈነዳል። ሱፍ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል። መጥበሻው ላይ አትተዉት፤ እሳቱ ቢጠፋም ብረቱ ማመሱን አያቆምም። አልመንዱን ማመስ የግድ አይደለም።

የዱባ ፍሬ መግዛት የለባችሁም ማለት ይቻላል። ዱባ ወጥ ስትሠሩ የምትጥሉትን ፍሬ እጠቡና ጸሐይ ላይ አድርቁት። መፈልፈሉ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ቤት ቡና እስኪፈላ እየተጨዋወትን ነው የምንፈለፍለው።

መፍጨት፣ ዘይቱ ሳይወጣ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሱፍና አልመንድ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ወፍጮው ሲሞቅ ዘይቱ ይወጣና ዱቄት የጠበቃችሁት ነገር እንደ ኦቾሎኒ ቅቤ ይለጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የታመሰው በደንብ ከበረደ በኋላ ለ20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ከቡላው ግማሹን ቀላቅሉበት፤ ቡላው የሚወጣውን ዘይት ይመጥጣል። ብሌንደሩን ወይም የቡና መፍጫውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ለአጭር ለአጭር ጊዜ አስነሱት። በየመሀሉ አናውጡት። ሽሮ የመሰለ ሳይሆን ሸካራ፣ እንደ ቅንጬ ከደቃቁ ወገን የሆነ ሲመጣ አቁሙ።

የቡና መፍጫ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ቡላ ፍጩበትና ድፉት። የቡናውን ሽታ ይዞ ይወጣል። መብራት ከሌለም ሙቀጫና ዘነዘና አለ። በሙቀጫ የተወቀጠ ሱፍ እኩል አይደቅም፤ ግን ስትነክሱት ፍሬ ፍሬው የሚሰማው እሱ ስለሆነ እኔ እንዲያውም እመርጠዋለሁ።

ሰሊጡንና የዱባ ፍሬውን አትፍጩ። እንዳሉ ይገባሉ። ተልባን ግን የግድ ፍጩ፣ ሳይፈጭ ከገባ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። የተፈጨ ተልባ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለዕለቱ የሚሆነውን ብቻ አዘጋጁ።

ማቡካት

ተምሩን ለ10 ደቂቃ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፉ። ስትከፍቱት ውስጡን እዩት፣ አንዳንዱ ነቅዞ ይገኛል። ውሃውን አጥልሉና ከሙዙ ጋር በሹካ ደፍጥጡት። ሙዙ ልጣጩ ጠቆርቆር ያለ፣ ፍራፍሬ ሻጩ ሊጥለው ያሰበው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ስኳር ስለማንጨምር ጣዕሙ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይረጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ታዲያ ቤታችን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሆነ ዘይቱ እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ማሰሮውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና አቅልጡት። ከዚያ ዘይቱን፣ ማሩን፣ እንቁላሉንና የሎሚውን ጭማቂ ከሙዝና ተምሩ ጋር ምቱ። እንቁላሉ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ዘይቱን መልሶ ያረጋዋል፤ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

በሌላ ሳህን የተፈጨውን ሁሉ፣ የቀረውን ቡላ፣ ተልባውን፣ ሶዳውን፣ ቅመሙንና ጨውን ቀላቅሉ። እርጥቡን ገልብጡበትና በእንጨት ማንኪያ አዋህዱት። ሰሊጡን፣ የዱባ ፍሬውንና ዘቢቡን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። አሁን ሊጡ ቀጠን ያለ ይመስላችኋል። ዱቄት ልጨምር እንዳትሉ። ለ20 ደቂቃ ተዉት። ተልባውና ቡላው ውሃውን ይጠጣሉ፤ ስትመለሱ ማንኪያው ሊጡ ላይ ይቆማል።

ስለ ሶዳውና ስለ አረንጓዴው ኩኪስ

መጀመሪያ የጋገርኩት ጊዜ አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨመርኩ፤ ያየሁት አሠራር እንደዚያ ይላልና። ማታ ሲወጣ ቡናማ፣ ደስ የሚል ነበር። ጠዋት አንዱን ገመስኩት። ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። የሻገተ መስሎኝ ትሪውን ሙሉ ደፋሁት። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ምንም አልሆነም ነበር።

የሱፍ አበባ ፍሬ ክሎሮጄኒክ አሲድ የሚባል ነገር አለው። ከሶዳ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ቀለም ይሰጣል። አይጎዳም፤ መልኩ ብቻ ነው። ሎሚው የገባው ለዚህ ነው። ሶዳውን ያረግበዋል፣ ቀለሙንም ይቀንሰዋል። ሎሚ ረስታችሁ አረንጓዴ ከወጣ አትድፉት፣ ብሉት።

ሶዳ የምንቀንስበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከሶዳው የሚወጣው አየር እዚህ የበለጠ ይነፋል። ቆላ ላይ በተጻፈ አሠራር ጋግራችሁ ኬኩ ቱግ ብሎ ተነስቶ መሀሉ የሰመጠባችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሩብ ማንኪያ ይበቃል። ደግሞም እርጥበት እዚህ ቶሎ ይተናል፤ ሙዙን ከአሠራሩ ያስገባሁት ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ኩኪሱ እንዳይደርቅም ነው።

መጋገር

ኦቨኑን በ160 ዲግሪ አሙቁ። ከዚያ በላይ አትውጡ። ማርና ተምር ቶሎ ያራሉ፤ በ180 የጋገርኳቸው ሥራቸው ጠቁሮ መሀላቸው ጥሬ ነበር። ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። እጃችሁን በውሃ እርጥብ አድርጋችሁ ከሊጡ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ እያነሳችሁ ድቡልቡል አድርጉ፤ ከዚያ በመዳፋችሁ የአንድ ጣት ውፍረት እስኪሆን ተጫኑት። ስንዴ ስለሌለው በራሱ አይዘረጋም፤ የሰጣችሁትን ቅርጽ እንደያዘ ይበስላል።

ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። በ14ኛው ደቂቃ ላይ አንዱን በማንኪያ ጫፍ ገልበጥ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ደርሷል። ላዩን ስትነኩት ገና ለስላሳ ነው፤ ይሁን። አውጡትና ትሪው ላይ እንዳለ ለ15 ደቂቃ ተዉት። በዚህ ሰዓት ማንም እንዳያነሳ ተቆጣጠሩ፣ ትኩሱ ይፈራርሳል። ሲበርድ ነው የሚጠነክረው።

ኦቨን የሌለው ሰው ወፍራም ድስት ይበቃዋል። ድስቱ ውስጥ እንደ ጉልቻ ሦስት እኩል ንጹሕ ድንጋዮች አስቀምጡ። ክዳኑን ገጥማችሁ በዝቅተኛ እሳት ለ10 ደቂቃ አሙቁት። ኩኪሶቹን በብረት ሳህን ላይ ደርድራችሁ ድንጋዮቹ ላይ አሳርፉና ክደኑት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ላዩ ስለማይቀላ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ገልብጧቸው። በኤሌክትሪክ ምጣድም ሞክሬያለሁ። ምጣዱን አግላችሁ ካጠፋችሁ በኋላ፣ ወረቀት አንጥፋችሁ በራሱ ሙቀት በአክንባሎው ክደኑት። ጥሩ ይወጣል፤ ግን ዓይን አይነቀልም።

መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ሊጡ አይበላሽም። ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። በማግስቱ የተጋገረው እንዲያውም በደንብ ይያያዛል።

ለጾም

እንቁላሉን አውጡ። በምትኩ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር በጥብጡና ለ10 ደቂቃ አቆዩት። እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠልጣል። ሌላው ሁሉ ጾም ነው። የጾሙ ትንሽ ይሰበራል፤ ውፍረቱን ቀነስ፣ የመጋገሪያውን ጊዜ በ2 ደቂቃ ጨመር አድርጉ።

ፍራፍሬ መቀያየር ይቻላል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ፓፓያና አናናስ ውሃ ይበዛቸዋል። ማንጎ ከሆነ ጭማቂው እስኪመጥ መጥበሻ ላይ አብስሉትና አቀዝቅዙት። የብርቱካን ልጣጭ፣ ቢጫው ክፍል ብቻ፣ ተፈቅፍቆ ሲገባ ከኮረሪማው ጋር በጣም ይስማማል። ንጥር ቅቤ እንደ ፓሊዮ የሚቆጥሩ አሉ፤ የእኛ ግን ኮሰረትና ሌላ ቅመም ስላለው ኩኪሱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።

ሳትበሉ በፊት

አንዱ ኩኪስ በእኔ ስሌት ወደ 130 ካሎሪ ይጠጋል። ጤናማ ነው ማለት እንደ ቆሎ በእፍኝ ይበላል ማለት አይደለም። ሁለት ከቡና ጋር በቂ ነው። ማርና ተምርም ስኳር ናቸው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም። ሰሊጥ፣ አልመንድና ካሹ አለርጂ የሚያስነሱባቸው ሰዎች ስላሉ እንግዳ ሲመጣ ሳህኑን ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ። ትንንሽ ልጆች ሙሉው የዱባ ፍሬ እንዳያንቃቸው ለእነሱ አድቅቃችሁ ጋግሩ።

በክዳን ዕቃ ውስጥ ውጪ ለ3 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይቆያል። ፍራፍሬ ስላለው ከዚያ በላይ አታቆዩት። እኔ ግማሹን ሊጥ ድቡልቡል አድርጌ በወረቀት ላይ ፍሪዘር ውስጥ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ በላስቲክ እቋጥረዋለሁ። ሁለት ወር ይቆያል። ቅዳሜ እህቴ ደውላ «መጣሁ» ስትል የምትበላውን ያህል አውጥቼ ለአንድ ሩብ ሰዓት ቅዝቃዜውን እንዲለቅ እተወዋለሁ፣ እጫነውና 3 ደቂቃ ጨምሬ እጋግረዋለሁ።